ከድሬስደን እስከ ፓቪያ፤ ፕሮቲን ፍለጋ በባቡር

ጥቅምት 4፣ ፍራንክፈርት

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ገና አልነጋም። የአክስቴ ልጅ መውጫው ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ገና እንዳቀፈኝ ጃኬቴን በሁለት ጣቱ ይዞ "ይቺን ለብሰህ ነው ጥቅምትን የምትገፋው?" አለኝ። ቤት ስንደርስ ባለቤቱ ፍርፍር ሠርታ፣ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። እንጀራውን የምትገዛው ከሐበሻ ሱቅ ነው። አንዱ ወደ ሁለት ዩሮ ይጠጋል። በብር ላባዛው ስል "ተው እባክህ፣ እዚህ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ማባዛት ነው" አለችኝ።

"ለመሆኑ ምን ልታይ ነው የምትዞረው?" ጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ። ሌላ ዘመድ ሲመጣ የት እንደሚወስደው ያውቃል። የእኔ ዝርዝር ግን ግራ አጋባው፤ ድሬስደን፣ ሃይድልበርግ፣ ፓቪያ። ምክንያቴን ነገርኩት። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ጎልጂ የሚባለውን የሴል ክፍል ሰሌዳ ላይ ስስል ነው የኖርኩት። "የሴሉ ፖስታ ቤት ነው" እላለሁ፤ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፤ እናልፋለን። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና "መምህር፣ ፖስታ ቤቱ ማንበብ የተማረው የት ነው?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ነገር ግን ልጁ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ሴል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያነብ የለም። ታዲያ አንዱ ፕሮቲን ወደ ሴሉ የላይኛው ሽፋን፣ ሌላው ወደ ታችኛው የሚሄደው በምን ተለይቶ ነው? መልሱን ያገኙት ሰዎች የሠሩባቸውን ቦታዎች ማየት ፈለግኩ።

የአክስቴ ልጅ ትንሽ አሰበና "ለዚህ ለዚህ ኢንተርኔት አልነበረም?" አለኝ።

ጥቅምት 5፣ ድሬስደን

ባቡሩ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነው የሄድኩት። ኖይሽታት በሚባለው ሰፈር ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ አንዷን አልጋ በ32 ዩሮ ያዝኩ። አንሶላ ለብቻው ይከፈልበታል። ፎጣም ለብቻው። አልጋው ራሱ ለብቻው ያልሆነው በዕድል ነው።

ዕቃዬን ጥዬ፣ የኤልቤን ወንዝ በድልድይ ተሻግሬ ፍራውንኪርሸ ወደምትባለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከሩቅ ነጣ ያለች ትመስላለች። ጠጋ ሲሉ ግድግዳዋ ዝንጉርጉር ነው። ጥቁር ድንጋይ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት። ጥቁሮቹ ከፍርስራሹ ተለቅመው የተመለሱ የጥንቷ ሕንጻ ድንጋዮች ናቸው። ከተማዋ በ1945 በቦምብ ስትደበደብ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቤተ ክርስቲያኗ በእሳት ተቃጥላ ፈረሰች። ክምሩ ለአሥርት ዓመታት እንዳለ ተቀምጦ፣ ግንባታው በ1994 ተጀመረ። በ2005 ተመረቀች። አንዱን ጥቁር ድንጋይ ዳሰስኩት። ጠርዙ ተሸራርፏል፤ ፊቱ ሻካራ ነው። ከጎኑ ያለው አዲሱ ድንጋይ ግን ልሙጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ኖራ አንዱ ጋ ቀጠን፣ ሌላው ጋ ወፈር ይላል።

የባዮሎጂ አስተማሪ እዚህ ምን ይሠራል? ጉንተር ብሎበልን ፍለጋ ነው። ብሎበል በ1936 ሲሌዢያ ውስጥ ተወለደ፤ አካባቢው ዛሬ ፖላንድ ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ቤተሰቡ ሲሸሽ በድሬስደን አለፈ፤ ልጁም ይህችን ጉልላት አየ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከተማዋ ስትነድ የሰማዩን መቅላት ከሩቅ ተመለከተ። በኋላ አሜሪካ ሄዶ ኒው ዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆነ። በ1999 ኖቤል ሲሸለም ገንዘቡን ለድሬስደን ሰጠ። ለዚህች ቤተ ክርስቲያንና ለከተማው ምኩራብ ግንባታ።

የተሸለመበት ሥራ የልጁ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። በ1971 ከዴቪድ ሳባቲኒ ጋር ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1975 ከበርንሃርት ዶበርሽታይን ጋር በሙከራ አሳየው። ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን ገና እየተሠራ ሳለ ጫፉ ላይ አጭር ቁራጭ ይዞ ይወጣል። ሃያ ምናምን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) ቢሆን ነው። ያቺ ቁራጭ ስትታይ ፕሮቲኑን የሚሠራው ራይቦዞም ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሴሉ የውስጥ ሽፋን መረብ ይወሰዳል። ፕሮቲኑ በሽፋኑ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። ቁራጯም ብዙውን ጊዜ እዚያው ተቆርጣ ትቀራለች። ሽፋኑ ላይ ሊተከል የተሠራው ፕሮቲን ደግሞ መሐሉ ላይ ውኃ የሚሸሽ፣ ቅባት የሚወድ ክፍል አለው። እዚያ ሲደርስ መሹለኩን ያቆማል። ሽፋኑ ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። ምልክቱ ሌላ ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ ከፕሮቲኑ ከራሱ አካል ነው።

ወደ ጉልላቱ መውጣት ወደ 10 ዩሮ ያስከፍላል። አልወጣሁም። በዚያ ገንዘብ አይርሼኬ የምትባል ባለ ሦስት ንብርብር ኬክ ከነቡናዋ በላሁ። አልጸጸትም።

በማግስቱ ጠዋት በወንዙ ዳር በእግሬ ወደ ዮሃንሽታት ሄድኩ። የማክስ ፕላንክ የሞለኪዩላር ሴል ባዮሎጂና ጄኔቲክስ ተቋም እዚያ ነው። ቀጠሮ ስላልነበረኝ ከውጭ አይቼ ተመለስኩ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፊንላንዳዊው ካይ ሲሞንስ ነው። ሌላው ማሪኖ ዜሪያል፣ ራብ በሚባሉት ፕሮቲኖች ሥራው የታወቀ። ሰው ከ60 በላይ ራቦች አሉት። እያንዳንዱ የሴሉን የተለያየ ክፍል ይይዛል፤ ራብ 5 አንዱን፣ ራብ 7 ሌላውን። ፕሮቲን ጭኖ በሴሉ ውስጥ የሚጓዘው ከረጢት የት መቆም እንዳለበት የሚለየው በከፊል በእነሱ ነው። ሁለቱም ሰዎች ወደ ድሬስደን የመጡት ከሃይድልበርግ ነው። እኔም ወደዚያው።

ጥቅምት 7፣ ሃይድልበርግ

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ በሚያውቃቸው እናት ቤት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እትዬ እላቸዋለሁ። ሽሮአቸው ወፍራም ነው፤ ቃሪያቸው ከጓሯቸው። "ብላ እንጂ፣ ምን ታያለህ!" ሲሉኝ ደብረ ብርሃን ያለሁ መሰለኝ። ቀን ከተማ ውስጥ አንዱን ዶነር በሰባት ዩሮ ተኩል በልቼ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

የአውሮፓ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ከከተማው በላይ፣ ጫካ ውስጥ ነው። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲወጣ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እኛ አገር ላቦራቶሪ ሲባል የሚታየኝ የተሰበረ መስኮትና ባዶ የሬጀንት ጠርሙስ ነው። እዚህ አንዱ ሕንጻ ራሱ እንደ ዲኤንኤ ተጠማዝሞ ነው የተሠራው። ውስጡን በሁለት አቅጣጫ እየዞሩ የሚወጡ መተላለፊያዎች አሉት። ቆንጆ ነው። ትንሽ ይበዛል፤ ግን ቆንጆ ነው።

እዚህ ቦታ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የተሠራው ነገር ነው ከቤት ያስወጣኝ። ሲሞንስና አሪ ሄሌኒየስ ይዘውት የመጡት ሴምሊኪ ፎረስት የሚባል ቫይረስ ነበር። ስሙን ያገኘው ከኡጋንዳ ጫካ ነው፤ በ1942 እዚያ ከተያዘ ትንኝ ተገኘ። ለምን ቫይረስ? ጤነኛ ሴል በሺህ የሚቆጠር ዓይነት ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንዱን ለይቶ መከተል ያስቸግራል። ቫይረስ የያዘው ሴል ግን በአብዛኛው የቫይረሱን ፕሮቲን ብቻ ያመርታል። ፕሮቲኑም የሴሉን የተለመደ መንገድ ተከትሎ ወደ ውጭኛው ሽፋን ይሄዳል። መንገዱ ጭር ሲል አንዷን መኪና ማየት ይቀላል።

ቀጥሎ የውሻ ኩላሊት ሴል መጣ። በ1958 ከአንድ ኮከር ስፓንየል ውሻ ተወስዶ እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው እየተባዛ ያለ ሴል ነው። የኩላሊት ሴል ሁለት ፊት አለው። የላይኛው ፊት ሽንት ወደሚያልፍበት ቱቦ ይመለከታል። የታችና የጎኑ ወደ ደም በኩል። በሁለቱ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ይለያያሉ፤ መለየትም አለባቸው። አለዚያ ጨውና ውኃው አቅጣጫ ይጠፋዋል። በ1978 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮድሪገዝ ቡላንና ሳባቲኒ ይህን ሴል በሁለት ቫይረስ ሞከሩት። ኢንፍሉዌንዛ የሚወጣው ከላይኛው ፊት ብቻ ሆነ። ቪኤስቪ የሚባለው የከብት ቫይረስ ደግሞ ከታችና ከጎን ብቻ። ሴሉ የሁለቱን ፕሮቲኖች ይለያል ማለት ነው። የት ላይ? ገና ሲሠሩ? መሐል ላይ? በር ላይ?

ሃይድልበርግ ውስጥ ከተሠሩት ሙከራዎች የምወደው በጣም ቀላሉን ነው። በ1983 ማትሊንና ሲሞንስ ሴሎቹን ወደ 20 ዲግሪ አቀዘቀዟቸው። የቫይረሱ ፕሮቲን መሠራቱን፣ ላዩ ላይ የሚንጠለጠለው ስኳርም መገጣጠሙን አላቆመም። ግን ወደ ላይኛው ሽፋን አልደረሰም። ወደ 37 ዲግሪ ሲመልሷቸው ጉዞው ቀጠለ። በኋላ እንደታየው ብርዱ ፕሮቲኑን የሚያስቆመው የጎልጂ መውጫ ላይ ነው። ሁሉም እዚያ ይከማቻል። በ1986 ግሪፊትስና ሲሞንስ ያንን መውጫ ትራንስ ጎልጂ ኔትወርክ አሉት።

ማታ ይህን ለእትዬ ስተርክ በትዕግሥት ሰሙኝ። "እሺ፣ እሱ ለኔ ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። ስኳር አለባቸው፤ ከእራት በፊት ኢንሱሊን ሲወጉ አይቼ ነበር። ጥሩ አጋጣሚ። ጡንቻና ስብ ሴሎች ውስጥ ግሉኮስ የሚያስገባ ግሉት 4 የሚባል ፕሮቲን አለ። ኢንሱሊን ሳይኖር አብዛኛው ውስጥ፣ ከረጢት ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ኢንሱሊኑ ሲመጣ ከረጢቶቹ ወደ ሽፋኑ ሄደው ይዋሃዳሉ፣ ፕሮቲኑ በር ላይ ይወጣል፣ ስኳሩ ይገባል። ከረጢትና ሽፋን የሚዋሃዱት ስኔር የሚባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ ሲጠማዘዙ ነው። በዚህና በተያያዘ ሥራ ሮትማን፣ ሼክማንና ሱድሆፍ በ2013 ኖቤል ወሰዱ። ሼክማን የተጠቀመው ዳቦ የምናቦካበትን እርሾ ነው።

"ታዲያ መርፌውን በልቤ ስረግመው የኖርኩት በር ከፋች ነው በለኛ" አሉና ሻይ ጨመሩልኝ። ያለ ስኳር።

ጥቅምት 9፣ ሽፒትስ እና ዶሞዶሶላ

ከባዝል ወደ ሚላኖ ቀጥታ መሄድ ነበረብኝ። ጠዋት ጣቢያው ላይ ጣልያን ውስጥ የባቡር ሠራተኞች አድማ እንዳለ ሰማሁ። ስለዚህ በበርን በኩል፣ በአሮጌው የተራራ መስመር፣ እስከ ድንበር ልጠጋ ወሰንኩ። በርን ላይ ሳንድዊችና ቡና 15 ፍራንክ አስከፈሉኝ። እዚህ ላይ አባዛሁ። አለማባዛት አልተቻለም።

ከበርን የሚነሳው ባቡር የቱን ሐይቅ ዳር ይዞ ይሄዳል። ሐይቁ ሰማያዊ፣ ተራራው ነጭ። ፎቶ አንስቼ ሳልጨርስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌና ባለቤታቸውን ትኬት አየችና ራሷን ነቀነቀች። እነሱ የሚሄዱት ዝቫይዚመን ነው። እኔ ብሪግ። የተሳፈርነው ከአንድ መድረክ፣ በአንድ ባቡር ነው። ሽፒትስ ላይ ግን ባቡሩ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ ብሪግ፣ ግማሹ ወደ ዝቫይዚመን። እነሱ የኔኛው ግማሽ ውስጥ ነበሩ። ሽፒትስ እንደቆምን ሻንጣቸውን ይዤ በመድረኩ ላይ አብሬያቸው ሮጥኩ። ሰውየው ትንፋሽ እያጠራቸው "ዳንከ፣ ዳንከ" ይላሉ። ተመልሼ ስገባ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ያኔ ነው ፖስታ ቤቱን ከሰሌዳዬ ላይ ለማጥፋት የወሰንኩት። ሳይንቲስቶቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያገኙት ይህንኑ ነው። ሁለቱን ቫይረሶች አንድ የኩላሊት ሴል ውስጥ አስገብተው ፕሮቲኖቻቸውን ተከተሉ። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። አብረው ወደ ጎልጂ ይገባሉ። በተመሳሳይ ንብርብሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ። የሚለያዩት መጨረሻ ላይ፣ መውጫው ላይ ነው። ቁም ነገሩ መጓዙ አይደለም፤ በየትኛው ሰረገላ መሆንህ ነው።

ሰረገላውን የሚወስነው ምንድን ነው? ለታችኛው ፊት መልሱ ግልጽ ያለ ነው። ፕሮቲኑ ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያንጠለጥለው ጭራ አለ። ጭራው ላይ ጥቂት አሚኖ አሲዶች፣ ብዙ ጊዜ ታይሮሲን ያለበት አጭር ቅደም ተከተል፣ ምልክት ይሆናሉ። አዳፕተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ያችን ይዘው ወደ ትክክለኛው ከረጢት ይጎትቱታል። ማንበብ ማለት ይኸው ነው፤ ቅርጽና ቅርጽ ሲገጥም መያዝ። የላይኛው ፊት ምልክት ግን ዝብርቅርቅ ነው። አንዳንዱ ፕሮቲን ላይ የተንጠለጠለ ስኳር ነው። አንዳንዱ በቅባት መልሕቅ ሽፋኑ ላይ የታሰረ ነው። ሲሞንስ ራሱ ከቫን ሜር ጋር በ1988፣ ከዚያም ከኢኮነን ጋር በ1997 ያቀረበው ሐሳብ ሽፋኑ ላይ የኮሌስትሮልና ስፊንጎሊፒድ የሚባል ቅባት ስብስቦች አሉ፣ ወደ ላይ የሚሄዱትን አብረው ይጭናሉ የሚል ነው። በዚህ ላይ ለዓመታት ተከራክረዋል። ስብስቦቹ በጣም ትንንሽና ቶሎ የሚበተኑ በመሆናቸው በዓይን አይቶ ማሳመን ከባድ ነበር። እኔ እንደ አስተማሪ ቅር የሚለኝ መጽሐፎቻችን ክርክሩን ዘለው ሥዕሉን ብቻ መስጠታቸው ነው።

የጉበት ሴል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወደ ላይኛው ፊቱ የሚሄዱ ብዙ ፕሮቲኖችን መጀመሪያ ወደ ታችኛው ይልካቸዋል። እዚያ ከደረሱ በኋላ መልሶ ወደ ውስጥ አስገብቶ ወደ ላይ ያሻግራቸዋል። ዙሪያ ጥምጥም፣ ግን ይደርሳል።

ከብሪግ በሲምፕሎን ዋሻ ወደ ጣልያን ይገባል። ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ነው፤ የተመረቀው በ1906። የሴሉ ክፍል በስሙ የተጠራለት ካሚሎ ጎልጂ ኖቤል የተሸለመውም በዚያው ዓመት ነው። ዶሞዶሶላ ስወርድ ሰሌዳው ላይ ከባቡሮቹ ስም ጎን ቀይ ጽሑፍ ተደርድሯል። ሁሉም ተሰርዟል። በአድማ ቀን የማይቋረጥ አገልግሎት የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው አሉኝ። ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ ፖሌንታ አዘዝኩ። ቀረብ ብዬ ሳየው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤና በርበሬው ቀርቶ አይብና እንጉዳይ ተጨምሮበት። 11 ዩሮ። እናቴ ብታየው "ይሄን ሊበላ ነው ባሕር የተሻገረው?" ትላለች። ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ጥቅምት 10፣ ፓቪያ

ከሚላኖ በክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቲኬቱ አራት ዩሮ ምናምን። ባር ቆሞ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ 1 ዩሮ ከ30። ከስዊዘርላንድ በኋላ ይህ ዋጋ ምጽዋት መሰለኝ።

ዩኒቨርሲቲው በ1361 የተመሠረተ ነው። በር ላይ ማንም አልጠየቀኝም፤ ገባሁ። ግቢ ከግቢ ይያያዛል፤ በረንዳው ሁሉ ዓምድ ነው። ተማሪዎች ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ያጨሳሉ። ጎልጂ ያስተማረው እዚህ ነው። በ1898 የጉጉት ወገን ከሆነች ወፍ ትንሹ አንጎል ላይ የተወሰደ የነርቭ ሴል ሲመለከት ኒውክሊየሱን የከበበ ጥቁር መረብ አየ። የውስጥ መረብ አፓራተስ አለው። ሥራውን አላወቀም። ብዙዎች ደግሞ ቀለሙ የፈጠረው ነገር ነው እንጂ እውነተኛ አካል አይደለም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነው ዳልተንና ፌሊክስ በ1950ዎቹ ንብርብሩን በግልጽ ያሳዩት። ከዚያ ፓላዴና ጄሚሰን የጊኒ ፒግ ቆሽትን ቆራርጠው፣ ፕሮቲኑን በጨረራ አመንጪ አሚኖ አሲድ ለአጭር ጊዜ ምልክት አድርገው፣ ጉዞውን ደቂቃ በደቂቃ ተከተሉት። መጀመሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ቀጥሎ ጎልጂ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሞላ መውጫው አጠገብ ባለ ከረጢት ውስጥ። ጎልጂ በ1926 ሲሞት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየም።

ምሳ ዙፓ ፓቬዘ ነበር፤ የሥጋ መረቅ ውስጥ የተጠበሰ ዳቦና እንቁላል። አስተናጋጁ በ1525 እዚህ የተማረከው የፈረንሳይ ንጉሥ እንደበላው ይተረካል አለኝ። ለንጉሥ ትንሽ ቀለል ያለች ናት። ለእኔ ግን በዚያ ዝናብ ፍቱን መድኃኒት ሆነችልኝ። ከሰዓት በኋላ በከተማው መቃብር የጎልጂን መቃብር ፈለግኩ። ዘበኛው ጣልያንኛ፣ እኔ አማርኛ የተቀላቀለበት እንግሊዝኛ። "ጎልጂ" የሚለው ብቻ አገናኘን። በጃንጥላው ጫፍ መንገዱን ጠቆመኝና ጃንጥላውን ራሱን አዋሰኝ።

ጥቅምት 11፣ አቢያቴግራሶ እና ሚላኖ

አቢያቴግራሶ ከሚላኖ ወጣ ብላ ያለች ጸጥተኛ ከተማ ናት። ጎልጂ ወጣት ሐኪም ሳለ እዚህ የማይድኑ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተቀጠረ። በዩኒቨርሲቲ ቦታ አላገኘም ነበር። ላቦራቶሪ ስላልነበረው የአንድ ወጥ ቤት ማዕዘን ይዞ፣ ማታ ማታ በሻማ ይሠራ ነበር። በ1873 በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በብር ናይትሬት ነርቭን የሚያጠቁረውን ዘዴ ያገኘው እዚያ ነው። ኋላ ጉጉቷ ላይ መረቡን ያሳየውም የዚሁ ዘዴ የተሻሻለ መልክ ነው። ተቋሙ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ አረጋውያን የሚታከሙበት ሆኗል። ወጥ ቤቱን አላየሁም። ግድ የለም። የእኛ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ መጋዘን ከሆነ ሰነባብቷል፤ ወጥ ቤት ግን አለን።

ማታ ሚላኖ ውስጥ ፖርታ ቬኔዚያ ወደሚባለው የሐበሻ ሰፈር ሄድኩ። በያይነቱ 14 ዩሮ። ባለቤቷ አስመራ የተወለደች፣ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ። የት እንደዞርኩ ስነግራት "ፓቪያ? ልጄ እዚያ ሕክምና እየተማረች ነው" አለችና ስልክ ደውላ አገናኘችን። ልጅቷ ወዲያው "ጎልጂን ፈተና ላይ አምጥተውብን ነበር" አለች። "ምን ብለሽ መለስሽ?" አልኳት። "ፖስታ ቤት" አለች።

አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣዬ ሁለት ኪሎ አልፎ ተገኘ። ከፓቪያ የገዛሁትን ሩዝና ለአክስቴ የያዝኩትን ቡና መፍጫ አውጥቼ በእጄ ያዝኩ። ጃኬቴን ደግሞ ሁለቱን ደራርቤ ለበስኩ፤ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ገና አልመለስኩለትም።